አውራ ጣት

ሐምሌ ነው፤ በጅማ ዝናቡ አላባራም፣
አዌቱ ደፍርሷል፣ ከዳሩ አልተስማማም።
ነፊሳ ከሰቃ ልጇን አዝላ መጣች፣
ከሕፃናት ክፍሉ ጥግ አልጋ አስተኛች።
አባ ፎጊ ሳቀ፦
«ማሻአላህ፣ ጉንጩን እዩት፣ እግሩ እንኳ ሞልቷል፣
ሳሉን ብቻ አክሙልኝ፤ ሌላውማ ደልቷል።»

እኔ ግን ጸጉሩን አየሁ፣
የበቆሎ ጺም ይመስል ቀልቶ የሳሳውን፤
ዓይኑን አየሁ፣ ማልቀስ እንኳ የሰለቸውን።
ከእግሩ ጀርባ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ፤
አነሣሁ።
ጉድጓዱ ቀረ፣
የበሬ ኮቴ በቦዬ ጭቃ ላይ እንደሚቀረው።

ላቦራቶሪ ገባሁ። ደሙን አሽከረከርኩት፣
ቢጫውን ከቀዩ ለይቼ ለካሁት።
አልቡሚን፦ አንድ ነጥብ አራት።
ስሙ የባዕድ ነው፣ ሥራው የገበሬ፤
ውሃን በቦዩ ልክ የሚያውል ለፍሬ።
እሱ ሲያንስ የደም ሥር ዳሩ እንደ ተሸረሸረ፣
ውሃው ወደ እግር፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ሆድ ይወጣል፤
አባት ያየው ውፍረት ጎርፍ ነበረ።
(ጠበብቱ ገና ይከራከራሉ፣ «ይህ ብቻ አይደለም» ይላሉ።
ይከራከሩ። የእኔ ሥራ መለካት ነው።)

ማታ በተራዬ፣ መብራት ሄዶ ሳለ፣
የነፊሳ ሙስበሃ ከእጇ ተንከባለለ፣
ከወለሉ ላይ ወድቆ በራሱ ተጠቀለለ።
አነሣሁላት። አሰብኩ፦
ፕሮቲን ይኸው ነው፣ በክር የተሰካ የአሚኖ አሲድ ዶቃ።
ሃያ ዓይነት ዶቃ አለ፤
ውሃ የሚወድ፣ ውሃ የሚሸሽ፣
ጎረቤቱን የሚስብ፣ መሰሉን የሚገፋ።
የእሷ ክር ዘጠና ዘጠኝ፣
የአልቡሚን አምስት መቶ ሰማንያ አምስት።
ውሃ ፈሪው ወደ ጓዳ፣ ውሃ ወዳጁ ወደ ደጅ፤
እንዲህ ተቃቅፎ ሲቆም ነው፣ ክርነቱ ቀርቶ እጅ።
የመርካቶው በርጩማ ጠራቢ ግንዱን ፈልፍሎ፣
መቀመጫ ያወጣል ትርፉን ከደጅ ጥሎ፤
ይህ ግን ምንም አይጥልም፣
መልኩ ከዶቃዎቹ ተራ ይበቅላል፤
መልኩ የጠፋ ዕለት ሥራውም ይጠፋል።
እንቁላል የቀቀለ ያውቃል፣
ነጩ አንዴ ከረጋ ወደ ጥሬው አይመለስም።

ከሃያው ዘጠኙን ሰው ከገዛ ጓዳው አያገኝም፣
ይበደራል፤ ከባቄላ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል።
የነፊሳ ቤት ግን ጠዋት በቆሎ፣ ማታም በቆሎ።
በቆሎ ላይሲን የሚሏትን ዶቃ ቆንጥሮ ነው የሚሰጠው።
ጉበት ክሩን ይዞ ይጠብቃል፣
«የቀረችው ትምጣ» ይላል፤
አትመጣም።
የተሰበሰቡትም እንደ ጭራሮ ይነዳሉ።

«ዶሮ አለሽ?» አልኳት።
«ስድስት አሉኝ።»
«እንቁላሉስ?»
ዝም አለች። ቆይታ፦
«ሐሙስ ሐሙስ ገበያ። ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለታላቁ ደብተር።»
ከዚህ ወዲያ ምን ልበል? የቀረኝ ምክር ባቄላ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሚዛን ላይ ሰቀልነው።
ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት የገባው ስምንት አልሞላም።
አባ ፎጊ ጮኸ፦ «ልጄን አከሳችሁት! ሥጋውን ማን በላ?»
ነፊሳም አለቀሰች፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ።
እንዴት ብዬ ልንገራቸው፣ መክሳቱ መዳኑ እንደሆነ፣
ጎርፉ ሲሸሽ ነው ልጁ የራሱን ልክ የመዘነ?

ቃል አጣሁ። የአባቱን እጅ ያዝኩ፣
አውራ ጣቱን ከልጁ እግር ላይ አስቀመጥኩ።
«ተጫን» አልኩት፤ ተጫነ።
«አንሣ» አልኩት፤ አነሣ።
ቆዳው ተመለሰ።
ኢምራን እግሩን በብስጭት ሰብስቦ፣
ከመጣ ጀምሮ ዛሬ ገና ጮኾ አለቀሰ፣
የእናቱንም ሙስበሃ ነጥቆ
አንዷን ዶቃ በአራት ጥርሱ ነከሰ።